የቅርብ ተጠሪ

ይርገዱ ሀብተሥላሴ በስልሳ አንድ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሐሰተኛ» ተባለች፤ ያውም በማህተም። ወረቀቱን ጠዋት የውጭውን በር ልትከፍት ስትወጣ ከስር ሾልኮ ገብቶ አገኘችው። «ጉዳዩ፦ ሀሰተኛ የማስጠንቀቂያ ደወል ለሦስተኛ ጊዜ ማሰማትዎን ስለማሳወቅ» ይላል። የቀረውን ለማንበብ መነጽሯን ፍለጋ ሳሎን ገብታ ቡፌው ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ሁሉ ፈለገች፤ መነጽሩ ግን አናቷ ላይ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ስትሠራ አንዲት ፍሬ ኪኒን አሳስታ ሰጥታ የማታውቅ ሴት፣ ጡረታ በወጣች በዓመቷ ሐሰተኛ!

«ምነው? ምን አገኘሽ?» አሉ አያ ሰጠኝ። የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ከመካነ ብርሃን ከመጡ አሥር ቀናቸው ነው። አንዱ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ሐሰተኛ ነሽ ይላል።»

«ማን ነው እንዲህ ያለ?»

«ቀበሌው።»

«ቀበሌው ከየት ያውቅሻል?» አሉ ከልባቸው ተገርመው።

ይርገዱ ቆማ እስከ ታች አነበበችው። አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ቤቱ ደወል ያስገጠመ ነዋሪ ሁሉ ደወሉን ያስመዘግባል፤ ከሃምሳ ሜትር ባልራቀ ቦታ የሚኖር፣ የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቅ፣ ደወሉ በጮኸ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደርሶ የሚያጠፋ አንድ የቅርብ ተጠሪ ያቀርባል። ተጠሪ የሌለው ደወል ሦስት ጊዜ በሐሰት ከጮኸ ይነቀላል። ለእሷ የተሰጣት ቀነ ገደብ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። «ይነቀላል» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበበቻት። ባሏ ከሞተ፣ ልጇም ሥራ ይዞ ሐዋሳ ከሄደ በኋላ፣ ማታ ማታ በሩ ላይ ወንበር አስደግፋ፣ በወንበሩ ላይ ድስት፣ በድስቱ ላይ ክዳን ደርድራ ነበር የምትተኛው፤ ማንም በሩን ቢነካ ክዳኑ ወድቆ እንዲቀሰቅሳት። ልጇ ይህን ሲሰማ ደወሉን ገዝቶ አስገጠመላት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር መኖሩን እንደገና አወቀች።

ለሦስቱም ጩኸት ምክንያት አላት። የመጀመሪያው መስከረም ላይ ነው፤ እሷ ገበያ ሄዳ ሳለ አንዲት ድመት በወጥ ቤቱ መስኮት ገባች። ሁለተኛው ባለፈው ሳምንት የአያ ሰጠኝ ነው፤ ሊነጋጋ ሲል ለኪዳን ተነሥተው በሳሎኑ ሲያልፉ፣ ጥግ ላይ የምትበራዋን የደወሉን ቀይ መብራት አይተው ሰላምታ ትፈልግ እንደሆነ ብለው እጃቸውን አወዛወዙላት። ሦስተኛው ባለፈው እሑድ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደወሉ በገዛ እጁ የጮኸው ነው፤ ያኔ እሷም አያ ሰጠኝም ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ለመሆኑ እነዚህን ሁሉ ለፖሊስ የነገረው ማን ነው? ይርገዱ ቀና ብላ ግቢውን ለሁለት የከፈለውን የቆርቆሮ አጥር አየች። ማን ይሆናል እንግዲህ!

ከአጥሩ ማዶ ታላቅ እህቷ ማስተዋል ትኖራለች። አባታቸው ሲሞቱ ቤቱን በሰላም ተካፍለው፣ በቡፌው ተጣሉ። ቡፌው በጣሊያን ጊዜ የተሠራ፣ ባለ መስታወት፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የሚደገፍ ነው፤ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር አላነጋገራቸውም። የይርገዱ በር ከላይ ወደ አስፋልቱ ይወጣል፤ የማስተዋል ደግሞ ከታች ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ አንዷ ከመጋረጃው ወዲህ አንዷ ከመጋረጃው ወዲያ ይቀመጣሉ። ያኔ ሊነጋጋ ሲል ደወሉ የጮኸ ዕለት ይርገዱ ከመስኮቱ ጀርባ ሆና የማስተዋልን ድምፅ ከፖሊሶቹ ድምፅ ጋር ሰምታለች። ቃሉ አልተያዘላትም፤ ድምፁ ግን የክስ ድምፅ ነበር። እርግጥ ማስተዋል አርባ ዓመት ያስተማረች ሴት ስለሆነች «እንደምን አደራችሁ» ስትልም የምትከስ ይመስላል። ይርገዱ ግን ይህን ያህል አላሰበችም፤ በመስኮት «ሰላም ነው፣ ሂዱ!» ብላ ጮኻ ተመልሳ ተኛች።

ቀበሌ ስትደርስ ለጦርነት ተዘጋጅታ ነበር። ጉዳዩን የያዘው አንዱዓለም የሚባል፣ ኮቱ ከትከሻው የሰፋ ወጣት ነው። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ስትወረውርለት ፊቱ በደስታ በራ።

«እማማ፣ መመሪያው ከወጣ ጀምሮ በራሳቸው እግር የመጡ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ እርስዎ ነዎት!» ብሎ ወንበር ሳበላት። ወንበሩን አባብሶ ሲሰጣት ቁጣዋ ግማሹ የት እንደገባ ጠፋት።

«የከሰሰኝን ሰው ክስ አሳየኝ።»

«ክስ የለም እኮ እማማ። ያለው የፖሊስ የጥሪ መዝገብ ነው። ላንብብልዎ?»

አነበበላት። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ በስልክ በደረሰን ጥሪ በቦታው ስንደርስ ሌባ ያላገኘን ሲሆን፣ ጎረቤት ነኝ የምትል አንዲት ሴት አንድ እግሯ ጫማ፣ አንድ እግሯ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ዘነዘና ይዛ በር ላይ ቆማ አግኝተናል። ዘነዘናውን እንድታስቀምጥ ተጠይቃ ፈቃደኛ አልሆነችም።» ሁለተኛው ደግሞ፦ «ሴትየዋ ከነዘነዘናዋ በድጋሚ በቦታው የተገኘች ሲሆን፣ የቤቱ ባለቤት በመስኮት ሰላም ነው ብትልም፣ ሌባ አስገድዷት ሊሆን ስለሚችል በሩን ስበሩ በማለት ሥራችንን አውካለች።» አንዱዓለም ጉሮሮውን ጠረገ። ሦስተኛውን ሲያነብ ድምፁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፦ «ይህችው ግለሰብ እህቴን ሳላይ አልቀመጥም በማለት ከቆርቆሮ አጥሩ ላይ ወጥታ ወደየትኛውም ወገን መውረድ ስላልቻለች፣ ባልደረቦቻችን በመሰላል አውርደዋታል። የጉዳት መጠን፦ ቀሚስ።»

ይርገዱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ነበር።

«የጠሪ ስም፣ ማስተዋል ሀብተሥላሴ» አለ አንዱዓለም፤ ከዚያም የአባቷን ስም ሁለተኛ አየና ተነሥቶ ቆመ። «ቲቸር ማስተዋል? አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ? እህትዎ ናቸው?»

«ናት» አለች ይርገዱ። ቃሏ ስትወጣ ራሷ ደነገጠች።

አንዱዓለም የሰጣትን የተጠሪ ቅጽ ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ ከፒያሳ ቁልቁል በእግሯ ወረደች። የመንገዱን ግማሽ ሄዳ ሳለ «የጉዳት መጠን፦ ቀሚስ» የምትለዋ ከኋላ ደረሰችባትና አንድ የጫማ መደብር በር ላይ ቆማ ሳቀች። ባለሱቁ መጀመሪያ አብሯት ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ውሃ ላምጣልዎ አላት። በዚያ አካባቢ ከሃምሳ ሜትር ያልራቀ ሌላ ነዋሪ የለም። በግራ ባንክ ነው፤ በቀኝ ግንባታው ያልተጠናቀቀ ሆቴል አለ፤ ከፊት ለፊት አስፋልት ነው። ደወሉን የምታድንላት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ያቺ ሰው ደግሞ ከአጥር ላይ በመሰላል የምትወርድ።

የራሷን በር አልፋ፣ መንገዱን ዞራ፣ በልብስ ሰፊዎቹ በኩል የማስተዋልን በር አንኳኳች። ማስተዋል ከፈተችላት። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ሹራቧን እስከ አንገቷ የቆለፈች ናት። እህቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ፊርማ ፈልጌ ነው።»

«የቡፌው?»

«የደወሉ።»

ማስተዋል ቅጹን ተቀብላ ሳትቀመጥ ማንበብ ጀመረች። ይርገዱ የት እንደምታይ ጠፍቷት የጠረጴዛውን ልብስ አየች፤ እናታቸው የጠለፈችው ነው። ምንጣፉን አየች። ወንበሩ ላይ የተጣለውን፣ ከጎኑ እስከ ጉልበቱ የተቀደደ ሰማያዊ ቀሚስና ያልተቋጨውን ክር አየች፤ ቶሎ ብላም ዓይኗን መለሰች። ማስተዋል ከደረት ኪሷ ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። «‹ሀሰተኛ› በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው» ብላ አረመችው። ሦስተኛው መስመር ላይ ነጠላ ሰረዝ ጨመረች። አንድ ቃል አክብባ በጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገች። ገና መፈረሚያው ጋ ስትደርስ ይርገዱ አልቻለችም።

«እትዬ፣ ቆርቆሮው ላይ ምን ትሠሪ ነበር?»

«የቱ ቆርቆሮ?»

«ፖሊሶች ያወረዱሽ።»

ማስተዋል ቀና አላለችም። ጆሮዎቿ ቀሉ። ለተማሪ መልስ እንደምትሰጥ ቆጠብ ብላ «ጉልበቴን ላፍታታ ብዬ ነው» አለች።

ይርገዱ በአፍንጫዋ አንድ ድምፅ አወጣች። ማስተዋል ከንፈሯን ነክሳ ልትችል ሞከረች፤ ከዚያ እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። ሁለቱም የተሳሳቁት እናታቸው በፍልሰታ ቅዳሴ መሐል እየቆነጠጠቻቸው እንኳ ዝም ማለት ባቃታቸው ጊዜ የሚስቁትን ሳቅ ነው፤ አንዷ ስታቆም ሌላዋ የምትጀምረው፣ ድምፅ አልባው፣ ጎን የሚወጋው ሳቅ። ቅጹ የተፈረመው በዚህ መካከል ስለነበረ የማስተዋል ፊርማ ወደ ታች ተንሸራትቶ ማህተም ማድረጊያው ላይ ደረሰ።

ፊርማ ብቻውን ግን አይበቃም። መመሪያው ፍተሻ ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱዓለም ከኮንስታብል መልካሙ ጋር በባጃጅ መጣ፤ መልካሙ ማስተዋልን በመሰላል ካወረዷት አንዱ ነው፤ ሲያያት ባርኔጣውን አስተካከለ። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ማስተዋል ቤቷ ትቀመጣለች፣ ደወሉ ይጮኻል፣ አንዱዓለም በስልኩ ሰዓት ይይዛል። በመጀመሪያ ግን ይርገዱ የሚስጥር ቁጥሩን ለተጠሪዋ በጆሮ ማሳወቅ አለባት። አሳወቀቻት። ማስተዋል ግን አርባ ዓመት የሰማችውን ሁሉ ለክፍሉ ስትደግም የኖረች ናት፤ «አንድ፣ ዘጠኝ፣ ሰባት፣ አራት!» ብላ እስከ አስፋልቱ በሚሰማ ድምፅ ደገመችው። በመንገድ የሚያልፍ አንድ ሊስትሮ ዞር ብሎ አየ። ቁጥሩ የግድ ተቀየረ። ከተማ ውስጥ ማንም የማያውቀው ቁጥር ሲፈለግ አያ ሰጠኝ «የእኔን ከብት አድርጉት፤ ሸጋ ቁጥር ነው» አሉ፤ ሃያ ሦስት በግና አሥራ ስድስት ፍየል አላቸው።

ደወሉ ጮኸ። የባንኩ ጥበቃ ወደ ውስጥ ገባ፣ እርግቦች ከጣሪያው ተነሡ፣ አያ ሰጠኝ ጋቢያቸውን በጆሯቸው ጠመጠሙ። አምስት ደቂቃ አለፈ። ሰባት አለፈ። ችግሩ የማስተዋል ጉልበት አልነበረም፤ የማስተዋል ተማሪዎች ነበሩ። በታችኛው መንገድ ልብስ ሰፊው አስተምራዋለች፣ ባለ ፎቶ ኮፒው አስተምራዋለች፣ ሙዝ የምትሸጠዋን እሷንም እናቷንም አስተምራለች። «ቲቸር፣ ደህና ዋሉ?» ይላሉ፤ ማስተዋል ደግሞ ሰላምታ ሳትመልስ ማለፍ ሞት ነው የሚመስላት። «ደህና፣ ደህና፣ ሌባ ልይዝ ነው፣ እናትህ ተሻላቸው?» እያለች፣ ከኋላዋ «ቲቸር ሌባ ሊይዙ ነው» ብለው የተከተሉ ስምንት ሰዎችና አንድ የተመዘዘ የልብስ ሰፊ መቀስ አስከትላ ደረሰች።

«አሥራ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ» አለ አንዱዓለም ስልኩን እያየ፤ ያዘነ ይመስላል።

«አንተን ስንት ጊዜ አርፍደህ አስገብቼሃለሁ!»

«አስገብተውኛል ቲቸር። መመሪያው ግን…» አለና ገጹን ገለጠ፤ «ስለ ሰላምታ ምንም አይልም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መድገም ይቻላል።»

የተከተሉት ሰዎች ሌባ አለመኖሩን ሲያውቁ እያዘኑ ተበተኑ። ይርገዱ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሳቁ ሁሉ በረደባት፤ ዛሬ ማታ የትኛውን ድስት የትኛው ወንበር ላይ እንደምታደርግ ማሰብ ጀምራለች። ማስተዋል አጠገቧ ቆማ ትተነፍሳለች። በመንገዱ በኩል ተመልሳ ብትሮጥ እንኳ ያው ነው፤ በዚያ መንገድ ያላስተማረችው ሰው የለም። ሁለቱም አጥሩን አዩና ሁለቱም ሌላ ነገር ያዩ መሰሉ። አንዷ ብትናገር ሌላዋ እሺ ትል ነበር፤ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ግን ከቆርቆሮ ይልቅ ይከብዳል።

አያ ሰጠኝ ተነሡ። በጤነኛው ዓይናቸው አጥሩን ከላይ እስከ ታች ገመገሙት፣ በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት።

«ምነው፣ እናንተ እንዲህ የተማራችሁ ልጆች፣ ይህን ያህል ዞራችሁ ትመጣላችሁ?» አሉ። «ወዲህ ሁለት ቆርቆሮ ቢነሣ አይበቃም? ሚስማሩ ራሱ ዝጓል። መዶሻ የት ነው?»

ማስተዋል «እኔ ጋ አለ» አለች። ሄዳ እስክታመጣው ሌላ ሰባት ደቂቃ አለፈ፤ ሰላምታ ነው። መልካሙ ቀበቶውን ፈትቶ ደረጃው ላይ አስቀመጠና ቆርቆሮውን ያዘላቸው፤ አንዱዓለም ኮቱን አወለቀ። አንድ ዓይናቸው የተሸፈነ ሽማግሌ፣ አንድ ፖሊስና አንድ የቀበሌ ሠራተኛ እየተጋፉ፣ እህትማማቾቹ «ጣታችሁን! ጣታችሁን!» እያሉ፣ ሁለቱ ቆርቆሮዎች እንደ ነጎድጓድ እያስተጋቡ ወደቁ። በክፍቱ በኩል ይርገዱ የልጅነቷን ኮክ ዛፍ አየች። ከአጥሩ በላይ ጫፉ ብቻ ነበር የሚታያት፤ ግንዱ እንዲህ መወፈሩን አታውቅም ነበር።

አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ደወሉ ሁለተኛ ጮኸ። ማስተዋል በክፍቱ ብቅ አለች፤ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው ዘነዘናውን ይዛ።

«ዘነዘናው ለምንድን ነው?» አለ አንዱዓለም ጮኾ።

«ፍተሻ ከሆነ የእውነት ይሁን!» አለችና በአጠገቡ አልፋ፣ ሳሎን ገብታ፣ ሃያ ሦስት በግና አሥራ ስድስት ፍየል ነካች። ደወሉ ዝም አለ። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። አያ ሰጠኝ እልል አሉ፤ ወንድ እልል አይልም ቢባሉ የሚሰሙ አይመስሉም ነበር። አንዱዓለም ማህተሙን ከባጃጁ አምጥቶ፣ ማስተዋል እርማቶቿን አንድ በአንድ እንዲያይላት ካስገደደችው በኋላ፣ በተንሸራተተው ፊርማ ላይ መታው።

ሲመሽ ይርገዱ እንደ ልማዷ የደወሉን የግቢ በኩል ብቻ አበራች፤ የሳሎኑ የሚበራው ሲተኙ ነው፤ ከዚያ ሳሎን ገብታ ለአያ ሰጠኝ የዓይን ጠብታቸውን ጠብ አደረገችላቸው። ጠብታው ገና ጉንጫቸው ላይ ሳለ ደወሉ ግቢውን አናወጠው። በረንዳ ስትወጣ ማስተዋል ክፍቱ መሐል እንደ ሐውልት ደርቃ ቆማለች፤ በሁለት እጇ እንፋሎቱ የሚወጣ የዱባ ወጥ ይዛለች።

«አጥፊው!» አለች ማስተዋል።

«አንቺ ነሽ ተጠሪዋ፣ አንቺ አጥፊው!»

«ቁጥሩ ስንት ነበር?»

ይርገዱ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ቁጥሩ ጠፍቷታል። በጎቹ ነበሩ የቀደሙት ወይስ ፍየሎቹ? ሁለቱ ተፋጥጠው ቆሙ፤ ከዚያ መጀመሪያ ወጡ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ማስተዋል፣ ቀጥሎ ይርገዱ። ከሳሎን አያ ሰጠኝ «በግ ይቀድማል! በግ!» እያሉ ቢጮኹም ማን ሰምቷቸው። ይርገዱ እየሳቀች፣ ግድግዳ እየተደገፈች፣ ደርሳ፣ በመጨረሻ በጉን አስቀድማ ስታጠፋው ኮንስታብል መልካሙ ጩኸቱን ከአስፋልቱ ሰምቶ ከባጃጅ ላይ ዘሎ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ሌባው የታለ?»

ይርገዱ መናገር ስላቃታት በጣቷ ወደ ማስተዋል ጠቆመች። ማስተዋል ሳህኑን ከፍ አድርጋ አሳየችው። መልካሙ ሁለቱን ለረጅም ጊዜ አያቸው፤ ከዚያ ተንፍሶ የመዝገቡን ደብተር አወጣ።

«እንግዲህ እማማ፣ ይቅርታ፣ ሐሰተኛ ብዬ ልመዝግበው?»

«ምን ሐሰተኛ!» አለች ይርገዱ ዓይኗን እየጠረገች። «ሰው ገብቷል እኮ።»

መልካሙ የተከፈተውን አጥር አየ፣ ማስተዋልን አየ፣ ከዚያ «ሰው ገብቷል» ብሎ በጥንቃቄ ጻፈ።

«ከግቢው ወጥቷል ወይስ አልወጣም?» አለ፤ ቅጹ ላይ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ እሱ ነበርና።

«አልወጣም» አለች ማስተዋል ወጡን ይዛ ወደ ሳሎኑ እያለፈች። «ራት ሊበላ ነው በልና ጻፍ።»